ሆድን በኳስና በሸክም ስለ ማጠንከር
በቅርቡ ወደ ወላይታ ሶዶ ወርጄ ሳለ አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ወደሚከራያት ክፍል ወሰደኝ። ከአልጋውና ከጠረጴዛው መካከል በአየር የተነፋ ትልቅ ሰማያዊ ኳስ ተቀምጧል። «በየቀኑ እዚህ ላይ ተንጋልዬ 100 ጊዜ ቀና እላለሁ፤ ሆዴ ግን እንደ ነበረ ነው። እንግዲህ ሸክም ልጨምርበት ነው» አለኝና ከጥግ 10 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት አንሥቶ ደረቱ ላይ አቅፎ ተንጋለለ። በሦስተኛው ጊዜ ኳሱ ወደ ጎን ሸሸ። ሰውዬው ከአልጋው ሥር፥ ዱቄቱም ከጫማዬ ላይ ዐረፈ። በር ላይ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት የአከራይዋ ልጆች ሳቁ፤ እኔ ግን ስለ ወገቡ ፈራሁለት።

ሐሳቡ እንኳ ስሕተት አልነበረበትም። የሆድ ጡንቻም እንደ ክንድ ጡንቻ ነው፤ ሸክሙ ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ቢበዛ ጽናት ያገኛል እንጂ ብርታቱ እምብዛም አያድግም። የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።

ይህን ኳስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. የሠራው አኩዊሊኖ ኮሳኒ የሚባል ኢጣሊያዊ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ነበር። በስዊስ አገር የነበሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ሕሙማንን ሊያሠለጥኑበት ወሰዱት፤ «የስዊስ ኳስ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። ኳሱ አይረጋም፤ ገላ እንዳይወድቅ የሆድና የወገብ ጡንቻዎች ሳያርፉ ይጠብቃሉ። እንግዲህ ኳሱ ራሱ ሸክም መሆኑን ልብ በሉ።

ስለዚህ ዱቄቱን ሳይነኩ ሥራውን ማክበድ ይቻላል። እግሩን አራርቆ የሚሠራ አቀራርቦ ይሞክር። ኳሱ ወደ መቀመጫ በቀረበ መጠን ከኳሱ ውጭ የሚቀረው ገላ ይበዛልና ይከብዳል። ቀና ሲሉ ሁለት፥ ሲመለሱ አራት መቁጠርም ጥሩ ነው፤ የሚቸኩል ሰው በጡንቻው ሳይሆን በግፊቱ ነው የሚነሣው። ቀና ሲሉ ትንፋሽን ማውጣት እንጂ ማፈን አይገባም።

በዚህ ዓይነት ኳሱ ሳይወላውል 15 ጊዜ የቻለ ሰው ያን ጊዜ ሸክም ይያዝ። ሚዛን አያስፈልገውም፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። ጠርሙሱን በሁለት እጅ ደረት ላይ ይያዝ፤ ከማጅራት ኋላ መያዝ አንገትን ይጎትታል። 12 ጊዜ ሲቀለው አንድ ኪሎ ይጨምር፤ ወይም ያንኑ ጠርሙስ ከደረቱ ወደ ግንባሩ ከፍ ያድርግ። ሙሉ ጀበና ከደረቱ አስጠግቶ፥ ቀጥሎም ክንዱን ዘርግቶ የያዘ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ኳሱ ላይ የተጻፈው የክብደት ልክም የሰውየውንና የሸክሙን ድምር የሚመለከት ነው። ወገብን የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ጠርሙሱን አስቀምጦ ሐኪም ማየት ነው።

ቦርጩን በዚህ አጠፋለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገ ቢኖር አዝናለሁ። ሸክም ከስብ በታች ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላይ ያለውን ስብ ግን ከዚያው ቦታ ለይቶ አያቀልጥም። እሱ የምግብና የእግር ጉዳይ ነው። የሶዶን ጥሬ ሥጋ በዳጣ የሚወድ (እኔም እወዳለሁ) የዳሞታ ተራራ ዳገት ከደጁ ነው።

ወጣቱ ጸሐፊ ዱቄቱን ለገንፎ መልሶ በአንድ ሊትር ውሃ ጀምሯል። እሑድ እሑድ ግን ኳሱን የአከራይዋ ልጆች ይወስዱበታል።