በአፍሪካ ቀንድ ሰማይ የሚያልፉትን ንስሮች መቁጠር ለምን አስፈለገ?

መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ የአፍሪካ ቀንድ ሰማይ የሩቅ እንግዶቹን መቀበል ይጀምራል። በሩሲያና በካዛኪስታን ሣራማ ሜዳዎች የተፈለፈሉ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሳዎች የክረምቱን ብርድ ሸሽተው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያቋርጣሉ። ብዙዎቹ የዓረብ ልሳነ ምድርን አልፈው የየመን ጠረፍ ሲደርሱ ከፊታቸው ባብ ኤል ማንደብ ይጠብቃቸዋል።

ግዙፍ አዳኝ ወፎች ረጅሙን መንገድ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አይጓዙም። ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ሽቅብ በሚነሳው አየር ላይ እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ቀጣዩ የሞቀ አየር ይንሳፈፋሉ። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ እምብዛም ስለማይገኝ ውሃውን በጠባቡ ቦታ መሻገር ግድ ይሆንባቸዋል። ባብ ኤል ማንደብ ደግሞ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሰፊ አህጉር ተበትኖ የኖረ መንጋ ለጥቂት ሳምንታት በአንድ በር ያልፋል። በሩ ላይ የቆመ ሰውም ሊቆጥረው ይችላል።

ይህን በተግባር ያሳየው እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር በ1987 መጸው ወራት በጅቡቲ በኩል የተካሄደው ቆጠራ ነው። ጥቂት የወፍ ተመልካቾች ከአንድ ወር በላይ ሰማዩን ሲከታተሉ ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎችን መዘገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት የስቴፕ ንስር በመባል የሚታወቀው ዝርያ ነበሩ። ይህ አኃዝ ዛሬም ድረስ ስለ ቀጣናው ስደተኛ ወፎች በሚጻፉ ጥናቶች ይጠቀሳል።

ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የግብፅ ጥንብ አንሳን በ2007፣ የስቴፕ ንስርን ደግሞ በ2015 የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ተርታ መድቧቸዋል። ሁለቱም በባብ ኤል ማንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ይገባሉ።

ቁጥሩ ምን ይሠራል?

ወፍ መቁጠር ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል። ታሪኩ ግን ከዚያ የላቀ ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት ሃውክ ማውንቴን በተባለው ተራራ ላይ ሰዎች ስደተኛ ጭልፊቶችን ለጨዋታ ተኩሰው ይገድሉ ነበር። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባሉ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ስፍራውን ተከራይተው አደኑን አስቆሙ። ጠመንጃው በተነሳበት ቦታም ቆጠራ ተተካ።

የዚያ ቆጠራ ጥቅም ጎልቶ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ በተራራው ላይ ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች 40 በመቶ ያህሉ ወጣቶች ነበሩ። በ1950ዎቹ ማብቂያ ድርሻቸው ወደ 20 በመቶ ወረደ። ጎልማሶቹ ቢያልፉም ተተኪዎቻቸው እያነሱ ነበር። ራቸል ካርሰን በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን መዝገብ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ለሚያደርሰው ጉዳት ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። አሜሪካም ከአሥር ዓመት በኋላ ዲዲቲን አገደች። ቆጣሪዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ ስለ ኬሚካሉ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሠሩት ሥራ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ በዚያው መንገድ መቁጠር ነው።

በጆርጂያ የጥቁር ባሕር ዳርቻ ባቱሚ አቅራቢያም ከ2008 ጀምሮ ከተለያዩ አገራት የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ ይሰባሰባሉ። በአንድ ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች የሚመዘገቡበት ስፍራ ነው። ቆጣሪዎቹ ሰማዩን ተከፋፍለው ይይዛሉ፤ በባይናኩላርና በቴሌስኮፕ እያዩ ዝርያውን ከክንፉ ቅርጽና ከጅራቱ ይለያሉ፤ መንጋው ሲበዛ በአሥር በአሥር እየመደቡ ይቆጥራሉ። ማረፊያቸውና ምግባቸው በመንደሩ ነዋሪዎች ቤት በመሆኑ የወፎቹ በሕይወት ማለፍ ለመንደሩም ገቢ ሆኗል።

ወደ እኛው ቀጣና ስንመለስ፣ በኬንያ በመንገድ ዳር የተደረጉ ቆጠራዎችን ከ1970ዎቹ መዛግብት ጋር በማነጻጸር በ2022 የታተመ ጥናት አብዛኞቹ የአዳኝ ወፍ ዝርያዎች እንደተመናመኑ አሳይቷል። የድሮው መዝገብ ባይኖር ኖሮ መመናመኑ ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሽቦውና ተርባይኑ

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው የቀጣናው የኃይል ልማት ነው። ጅቡቲ በ2023 በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የንፋስ ኃይል ጣቢያ አስመርቃለች። ኢትዮጵያም በሶማሌ ክልል ከጅቡቲ ድንበር በማይርቀው አይሻ ተርባይኖችን ተክላለች። ሁለቱም ስፍራዎች ባሕሩን የተሻገሩ ወፎች ወደ መሐል አገር ከሚዘልቁበት አቅጣጫ ሩቅ አይደሉም።

የንፋስ ኃይል ለሕዝቡ መብራት ነው፤ አየሩንም አይበክልም። ንፋሱ የሚበረታበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ወፎች የሚመርጡት ቦታ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶም ቦታውና አሠራሩ ካልታሰበበት ገዳይ ይሆናል። በሱዳን ከፖርት ሱዳን አቅራቢያ በ1950ዎቹ የተዘረጋ መስመር የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲገድል ኖሯል። አገልግሎቱ ተቋርጦ በሌላ የተተካው በ2014 ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ ሬሳዎቹ ምሰሶው ሥር ይወድቁ ነበር፤ በተከታታይ የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም።

ልማትና ጥበቃ የግድ አይጋጩም። በግብፅ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ታዛቢዎች ሰማዩን እየተከታተሉ መንጋ ሲቃረብ ተርባይኖቹ ለጊዜው እንዲቆሙ ያደርጋሉ። ይህ አሠራር ግን ወፎቹ መቼ፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ያህል ከፍታ እንደሚያልፉ ማወቅን ይጠይቃል። ለዚያ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ተርባይኑ ከመተከሉ በፊት የተደረገ ቆጠራ ነው።

በጎ ፈቃድም ወጪ አለው

ቆጠራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ነገር ግን ወር ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ለአውሮፓዊ ጡረተኛ ይህ ዕረፍት ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ጉርሱን በዕለት ሥራ ለሚያገኝ ወጣት ግን የወር ገቢ ማጣት ነው። ስለዚህ የምሳና የትራንስፖርት ወጪ የማይሸፍን መርሐ ግብር በቀጣናው አይዘልቅም።

ሌላው ዕንቅፋት ጸጥታ ነው። ባብ ኤል ማንደብ የዓለም መርከቦች መተላለፊያ ነው፤ ከ2023 ማብቂያ ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲሰነዘር ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጠረፍ ባይናኩላር አንግቶ የተቀመጠ ሰው ለወታደር ዓይን ወፍ ቆጣሪ አይመስልም። ፈቃድና የአካባቢው አስተዳደር ዕውቅና ከሌለ ቆጠራው አይጀመርም።

መነሻ የሚሆን ልምድ ግን አለ። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በሐይቆች ላይ የውሃ ወፎችን ሲያስቆጥር ቆይቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ አስጎብኚዎችንና አርብቶ አደሮችን ያሳተፈ ቋሚ የመጸው ቆጠራ በዚህ ልምድ ላይ ሊገነባ ይችላል። አርብቶ አደሩ ሰማዩን ማንበብ ያውቅበታል፤ የጎደለው መዝገቡ ነው።

የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ንፋሱ አቅጣጫ ሊለውጥ፣ ደመናው መንጋውን ሊሸፍን ይችላል። አሥር ዓመት ሲደጋገም ግን መሐንዲሱ ተርባይኑን የት መትከል እንዳለበት፣ ባለሥልጣኑም የትኛውን ምሰሶ ቀድሞ መሸፈን እንዳለበት ያመላክታል። ወፎቹ ዘንድሮም መስቀል ሲያልፍ ይመጣሉ። የአሥር ዓመቱ መዝገብ የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ቁጥር ነው፤ በየመጸው ሳይመዘገብ ያለፈውን መንጋ ግን ዞሮ መቁጠር አይቻልም።