ፊልትሮው አላፈነውም

ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው ፒካፕ ጋራዥ ሲገባ፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ፍርዱ ይሰጣል፤ «ሞተሩ ታፍኗል፤ ይተንፍስ!» ከዚያ የአየር ማጣሪያው ሳጥን ይወርድና ሆዱ በድሪል ይበሳሳል። ሌላው ጋራዥ ሳጥኑን ከነቱቦው ነቅሎ ጥግ ይጥልና በምትኩ ቀይ ኮን ፊልትሮ ከሞተሩ ጎን ያስራል። ከሁሉ የባሰው የማጣሪያውን ወረቀት አውጥቶ ባዶውን ሳጥን መልሶ የሚዘጋው ነው። ባለመኪናው ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ሲረግጥ ከኮፈኑ ሥር ቀድሞ ያልነበረ ጉርምርምታ ይሰማል። «አሁን ሳበ» ይባላል፤ ሒሳብ ተከፍሎ ይወጣል።

ይህ ልማድ ስህተት ነው። ጉልበት አይጨምርም፤ በብዙ መኪና ላይ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ሞተሩን ደግሞ ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል። የሚያንገበግበኝ ጉዳቱ የሚያርፍበት ሰው ነው። ፒካፕ በእኛ አገር የመዝናኛ መኪና አይደለም። ሲሚንቶና ሽንኩርት፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ክትባትና ነፍሰ ጡር የሚጭን፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤተሰብ ጥሪት በሙሉ የፈሰሰበት ንብረት ነው።

መጀመሪያ ጉልበቱን ማን እንደወሰደው እንይ። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ፣ በ2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወደ 76 ይወርዳል። የጂቡቲን ሙቀት ከግምት ብናስገባ እንኳ፣ ከወደቡ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰ ሞተር የሚስበው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳስቷል። ጣርማበር ላይ፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም የባሰ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ የድሮው ሀይሉክስ ናፍጣም ይሁን 4.2 ሊትሩ የላንድ ክሩዘር ፒካፕ ሞተር፣ ይህን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ የለውም። ከመተማ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሾፌር ማርሽ በቀነሰ ቁጥር ያውቀዋል።

ፊልትሮውስ ስንት ወሰደ? ንጹሕ ፊልትሮ ከነሳጥኑና ከነቱቦው፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚያስቀረው ግፊት እንደ መኪናው ቢለያይም ከ1 እስከ 3 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ነው። ተራራው 25 ወስዷል፤ ፊልትሮው 2። ድሪሉ የሚነሳው ግን በፊልትሮው ላይ ነው።

እነዚያን ሁለቷን ለማስመለስ የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ፋብሪካው የመሳቢያውን አፍ ከሞተሩ አርቆ ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ ወይም ከፊት መብራቱ ጀርባ የሚያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአየር ሙቀት በ3 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጥግግቱ በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ውጭው 25 ዲግሪ ሆኖ ከኮፈኑ ሥር 65 ቢደርስ፣ ጭኖ ዳገት በዝግታ ለሚወጣ መኪና ይህ ብርቅ አይደለምና፣ ከሞተሩ ጎን የታሰረው ኮን የሚስበው አየር በ12 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የተበሳሳው ሳጥንም እንደዚሁ ከሞተሩ የሚወጣውን ግለት ይጠጣል። ከፍታው ያሳሳውን አየር እኛ ደግሞ አሙቀን እናሳሳዋለን።

ናፍጣ ሞተር ላይ ነገሩ ይብሳል። የናፍጣ ሞተርን ጉልበት የሚወስነው የሚረጨው ነዳጅ መጠን ነው፤ አየሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ ይገባል። ነዳጁ ሳይነካ አየር ብቻ ቢጨመርለት ጉልበት ከየት ይመጣል? መካኒኩ ይህን ስለሚያውቅ ነው ሳጥኑን ከበሳ በኋላ መፍቻ ይዞ ወደ ፓምፑ የሚዞረው። የናፍጣው መጠን ከፍ ይደረጋል፤ ያን ጊዜ መኪናው በእርግጥ ትንሽ ይስባል፤ ምስጋናው ግን ለተበሳው ሳጥን ይሰጣል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ የተጨመረው ናፍጣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስለማይነድ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሞተሩ ውስጥ የጭሱ ሙቀት ይንራል፤ የፒስተኑ አናት ይቃጠላል። ውጭ ደግሞ ያ ጭስ የሚገባው ዳገቱ ዳር ጀበና ጥዳ የተቀመጠች ሴት ሳንባ ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት በእግራቸው የሚመለሱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው። እነሱ ስለ ጉልበት የጠየቁት ነገር የለም።

አዲሶቹ ቱርቦ ያላቸው ፒካፖች ላይስ? እነሱ ላይ ቱርቦው ስንት ግፊት መስጠት እንዳለበት የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። የመሳቢያው መንገድ ቢሰፋም ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከወሰነለት በላይ አያስኬደውም። በዚያ ላይ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር የተስተካከለው ለፋብሪካው ቱቦ ስፋት ነው። ቱቦው ሲቀየር ንባቡ ይዛባል። ዘይት የሚቀባው የጨርቅ ፊልትሮ ዘይቱ ከበዛበት ደግሞ የሴንሰሩን ቀጭን ሽቦ ይሸፍነዋል። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል፤ ባለመኪናው ሌላ ጋራዥ ይሄዳል፤ ሴንሰር ይገዛል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው «ሳበ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? አንደኛው ድምፁ ነው። የፋብሪካው ሳጥን አየር ከማጣራት ሌላ የአየሩን ጩኸት ያፍናል፤ ሲወጣ ሞተሩ ያገሳል፣ ቱርቦው ያፏጫል፣ ጆሮም ጩኸቱን ጉልበት ነው ብሎ ይቀበላል። ሁለተኛው እውነት ያለበት ነው፤ ተከራካሪዎቼም የሚጠቅሱት እሱን ነው። ለዓመታት ሳይቀየር አፈር የጠገበ ፊልትሮ በእርግጥ ሞተር ያፍናል። እሱን አውጥቶ የጣለ መካኒክ ለውጡን ያያል፤ ባለመኪናውም ያያል። ነገር ግን ያ ለውጥ በአዲስ ፊልትሮ ይገኝ ነበር። ለቆሸሸ ወረቀት የተገኘው መድኃኒት ወረቀቱን ማስቀረት ሆነ፤ ለምን? አቧራ በበዛበት መንገድ ስንሄድ ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ እናደርጋለን፤ ነጠላው ሲቆሽሽ ይታጠባል እንጂ «አፈነኝ» ተብሎ አይጣልም።

አንድ ወጣት መካኒክ ከጂንካ መስመር ለተመለሱ አንድ አዛውንት ሾፌር ሲያስረዳ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን እኮ ለፈረንጅ አገር አስፋልት የተሠራ ነው፤ የኛን መንገድ አይችልም፤ ይከፈትልዎት።» ሰውየው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ከፊቴ ያለው መኪና የማይታየኝ መንገድ ነው የምመላለሰው፤ ይሄን ከፍተህ ያን ሁሉ አፈር ማን ሊውጥልኝ ነው?» አሉት። ቀጥለው ከፊልትሮው በኋላ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ አስፈቱና ውስጡን በሶፍት ጠረጉት። ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። በዚያ ቱቦ ውስጥ ማለፍ ያለበት ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ሳጥኑን ሲያዩት አንዱ መቆለፊያው ጠፍቶ በሽቦ ታስሯል፤ ክዳኑ በዚያ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለው፤ ፊልትሮው ዙሪያ ያለው ጎማም እዚያው ጋ ተጣሟል። ከዚያ በፊት የነካው ሌላ ጋራዥ ነበር። የሶፍቱን ፍተሻ ለማንም ፒካፕ ላለው ሰው እመክራለሁ፤ ከፊሊፕስ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም።

ያ ቡናማ ዱቄት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። 4.2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲሠራ በደቂቃ ከ5000 ሊትር በላይ አየር ይስባል፤ በሰዓት 300 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። ሌላ መኪና ተከትሎ በሚሄድበት ኮሮኮንች በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ግማሽ ግራም አቧራ አለ ብለን እናስላ። በሰዓት 150 ግራም ወደ ማጣሪያው ይመጣል። 99 በመቶውን የሚያስቀር ደህና ፊልትሮ ግራም ተኩል ያሳልፋል። ከአየሩ አሥረኛው እጅ ባልገጠመ ክዳን ሾልኮ ከገባ ግን 15 ግራም ይጨመርበታል። ወረቀቱ ጭራሽ ከሌለ ሁሉም ይገባል። አቧራው ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፤ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይበረታል። ብዙ የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የማይለየው፣ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚሆነው ድቃቂ ነው፤ በዘይቱ ስስ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ፒስተን ሪንጉንና የሲሊንደሩን ግድግዳ በየምቱ ይፍቃል። መኪናው በአንድ ቀን አይቆምም። ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ጠዋት በአንድ ቁልፍ አልነሳ ይላል፤ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ጉልበቱ እየሞተ ይሄዳል። ያን ጊዜ ባለመኪናው ተመልሶ ይመጣና «ታፍኗል» ይባላል። የቱርቦው መዘውር በደቂቃ ከ100000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር አሸዋ የመታው ቅጠል ይሸራረፋል፤ ቱርቦው ከሞተሩ ቀድሞ ይሄዳል።

ልማዱ የመጣው ከመኪና እሽቅድምድም ነው። እዚያ ትርጉም አለው። የእሽቅድምድም ሞተር በየውድድሩ መካከል ተፈትቶ ይታያል፤ ዕድሜው የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ ለአንዲት ሴኮንድ ሲባል ሪንግ ቢያልቅ ባለቤቱ ግድ የለውም። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ለጎዳና መኪና ሁሉም ልቅ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሸጥ የአየር መሳቢያ የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ ፈትሾ ቁጥር የሰጠው መሆን አለበት፤ ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ያለዚያ ቁጥር ኮን አስገጥመው የጭስ ምርመራ ቢሄዱ ይወድቃሉ። እኛ ግን የውድድር ሜዳውን ዕቃ ኮሮኮንች ላይ ለሚውል፣ ለ20 ዓመት እንዲያገለግል ለምንፈልገው ፒካፕ እንገጥማለን። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለው የነዳጅ ሞተር ሁሉ ከበፊቱ ይልቅ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ስኖርክልን፣ የመሳቢያውን አፍ ከፍ የሚያደርገውን ቱቦ፣ በዚህ ውስጥ አልከትም። በትክክል ከተገጠመ ወንዝ ሲሻገር ውኃ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ከፊት መኪና ከሚነሳው ወፍራም አቧራም አፉን ከፍ ያደርገዋል። አናቱ ላይ የሚሽከረከር የአቧራ መለያ ሲኖረው ለበረሃ መስመር ጥሩ ነገር ነው። ጉልበት ግን አይጨምርም፤ መጋጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ደግሞ ፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈ ጌጥ ብቻ ነው። የተበሳ ሳጥን ወይም ዝቅ ብሎ የታሰረ ኮን ይዞ በክረምት ጎርፍ ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ሞተሩን እየሸጠ ነው። ውኃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ የፒስተኑን ዘንግ ያጣምማል።

ጉልበት ያነሰው ፒካፕ የሚመረመርበት መንገድ አለ፤ አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ፊልትሮው በአዲስ፣ በሳጥኑ ልክ በሆነ ፊልትሮ ይቀየር፤ ወረቀቱን በኮምፕሬሰር መንፋት ይቅር፤ ነፋሱ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ጎማ ላይ መምታቱም እንደዚያው። ከዚያ የቱርቦው ቱቦ መሰንጠቁ፣ የናፍጣ ፊልትሮው መዘጋቱ፣ ኖዝሎቹ መንጠባጠባቸው፣ ፍሬኑ መያዙ፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱ ይታይ። ጭነቱም ይመዘን፤ አንድ ቶን ለመጫን የተሠራ ፒካፕ አንድ ቶን ተኩል ተጭኖበት አልሳበም ብሎ ሞተሩን መክሰስ ፍርድ አይደለም።

ብዙ ፒካፕ የሚያሰማሩ መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ከጋራዥ ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ የአየር መሳቢያው እንዳይቀየርና እንዳይበሳ በግልጽ ያስገቡ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ፍሬንና መብራት ከማየት አልፎ የማጣሪያውን ሳጥን ክዳን ያንሳ። የተበሳ ሳጥን ያለው ወይም ወረቀት የሌለው ፒካፕ በፋብሪካው ዕቃ ሳይመለስ አይለፍ። ለሳጥኑ የሚወጣው ገንዘብ ሞተር ለማስፈታት ከሚወጣው ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም።