«የኛ» የሚባለው ዜማ ቱርሚ ይደርሳል ወይ?

እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በራሷ ስም የሰየመችው አልበም ሲወጣ፣ በውጭ አገር የጠበቀው ሙገሳ፣ በአገር ቤት ግን ንትርክ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት አልበሞች አውጥታ ባሕር ማዶ ባለው አበሻ ዘንድ ትታወቅ ነበር። ሦስተኛው ግን ሌላ ሆኖ መጣ። ፕሮዲውሰሩ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ቢል ላስዌል፣ አሳታሚው ፓልም ፒክቸርስ፣ አጃቢዎቹም ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ ታላላቆች ሆኑ። ገሚሱ አድማጭ ዘፈናችን ዓለምን አየ ብሎ ተደሰተ፤ ገሚሱ ዘፈናችን ተበረዘ ብሎ አዘነ።

ከሃያ ዓመት በላይ አልፎም ክሱ አልተዘጋም። አልበሙ በተነሳ ቁጥር ድምጿን አመስግኖ ቅንብሩን የሚያንቋሽሽ አይጠፋም። ጭብጡም አንድ ነው፤ ሥራው «የኛ» አይደለም የሚል። እስቲ ይህን «የኛ» የተባለውን ነገር እንመርምረው።

ተበረዘ የተባለው የከተማ ዘፈናችን ራሱ ከየት መጣ? ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ከጣሉት ይቆጠራሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። የክብር ዘበኛ ሳክስፎንስ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንስ የማን ነበሩ? ኋላም አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ ሲሠራ፣ ካሴቱን ገዝተን ጨፈርንበት እንጂ አገር ጠፋ ብለን አልጮኽንም። ጩኸቱን ለጂጂ አቆየነው!

አሁን ክሱን ከአዲስ አበባ አውጥተን ወደ ደቡብ ኦሞ እንውሰደው፤ ቱርሚ ላይ ይታይ። ቱርሚ የሐመሮች አገር ናት። ለከተማው አንባቢ ይህን አገር ያስተዋወቀው ፍቅረ ማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» እና «ኢቫንጋዲ» በተባሉት ልቦለዶቹ ነው። በኢቫንጋዲ ምሽት ወጣቶች ሲሰበሰቡ ክራር የለም፣ ማሲንቆም የለም። መሣሪያው ጉሮሮ፣ መዳፍና እግር ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባው ይገጥማል፤ ዝላዩ መሬቱን ከበሮ ያደርገዋል። ጎረምሳው ከብት በሚዘልበት ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሴቶቹ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ጥሩምባ እየነፉ ይዘፍናሉ።

በዚህ ሸንጎ ፊት የከሳሾቹ ነገር ይፈርሳል። እዚህ ሳክስፎኑም ክራሩም እኩል እንግዶች ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብለን ከምንቆጥራቸው አራት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከወሎ ነው፤ ኢቫንጋዲን ይለኩ ዘንድ አልተሰፈሩም። ታዲያ «የኛ» ስንል እነማን ነን? ጂጂ ከ«የኛ» ወጣች የሚል ሰው፣ ቱርሚን ከ«እኛ» ውስጥ መቼ እንዳስገባ ይንገረን።

አልበሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ባሱ ድምጿን የሚጫንበት ቦታ አለ። ላስዌል ያንኑ ሥራ እንደገና ቀላቅሎ እ.ኤ.አ. በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ ሲያወጣው፣ ዘፋኟ ከጭስ ጀርባ የቆመች ያህል ትደበዝዛለች። ያን የነቀፈ አበጀ። ይህ ግን የሚዛን ነቀፋ ነው፤ የክህደት ክስ አይደለም። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም በወጣው «ዛዮን ሩትስ» ጂጂ ወደ ቀለለ የአኩስቲክ አጀብ ተመልሳለች። ቤቱን ያቃጠለ ሰው ተመልሶ አይገባበትም።

የባዕድ ጊታር ዜማን ይገድላል የሚሉም ካሉ ወደ ጃማይካ ይመልከቱ። የፓልም ፒክቸርስ መሥራች ክሪስ ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ1973 የዌይለርስን «ካች ኤ ፋየር» ሲያወጣ፣ ጃማይካ በተቀዳው ላይ ለንደን ውስጥ የሮክ ጊታር አስጨምሮበታል። ዛሬ ያን አልበም ሬጌ አይደለም የሚል ቢነሳ ማን ይሰማዋል?

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የራሳችን ጠባይ ነው። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር የምንሰማው «አድዋ» የዚያው የተነቀፈ አልበም ዘፈን ነው። «አባይ»ም ከዚያው ነው። የፈረንጅ ነው ብለን የገፋነውን፣ በዓል ስናከብር የራሳችን አድርገን እናዜመዋለን። አፋችን ቢከሳትም ጆሯችን በነጻ አሰናብቷታል። ከዘፈኖቹ አንዱስ «ጉራማይሌ» አይደል የሚባለው? ድዳቸውን ዝንጉርጉር አድርገው የተነቀሱ እናቶቻችን ጉራማይሌን ለጌጥ እንጂ ለነውር አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃኖ ባንድ በዚያው በላስዌል ፕሮዲውሰርነት የሮክ ጊታር ይዞ በ«ኤርታሌ» ሲመጣም የተራመደው እሷ በጠረገችው መንገድ ነው።

በዚህ አልበም ላይ መቅረብ ያለበት ነቀፋ ካለ ከቱርሚ በኩል ቢመጣ ያምርበታል፤ ርቀሽ ሄድሽ ብሎ ሳይሆን፣ እኔ ዘንድ ሳትደርሺ ቀረሽ ብሎ። ዕዳው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ሐመር በዘፈን ክሊፖቻችን ብዙ ጊዜ የሚታየው በጨሌው፣ በቆዳ ልብሱና በቀይ አፈር በተሠራ ጸጉሩ ነው፤ ድምፁ ከስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ይቀራል። መልኩን ወስዶ ዜማውን መተው ከመበረዝ ይከፋል፤ የበረዘ ቢያንስ ቀምሷል። ለዘፈናችን ንጽሕና የሚቆረቆር ሁሉ ቁጭቱን ወደዚህ ያዙር። የሐመርን ድምፅ በስሙ ጠርቶ፣ ድርሻውን ከፍሎ፣ እንደ እኩያ ከባንዱ ጋር የሚያስቀምጥ ሙዚቀኛ ይምጣ። ኒውዮርክ ለመድረስ የበቃ ድፍረት ቱርሚ ለመድረስ ለምን ያንሰዋል?