ጤናችን፦ ጉበት ለምን ይጠጥራል?

ጉበት ከቀኝ ጎድናችን ሥር ይገኛል። ከአንጀት የሚመጣው ደም በእርሱ በኩል ያልፋል። ጉበት እንደ ወንፊት መርዙን ከደሙ ያጣራል።

ጉበትን የሚያቆስለው ምንድን ነው? አንዱ አረቄና ሌላ መጠጥ ማብዛት ነው። ሌላው ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ነው። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በግብረ ሥጋና ደም በነካው ምላጭ ይተላለፋል።

እጃችንን እሳት ቢያቃጥለው ቁስሉ ይሽራል፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። ጉበትም ለብዙ ዓመት ሲቆስልና ሲሽር በጠባሳ ይሞላል፤ ይጠጥራል። ይህ በሽታ ሲሮሲስ ይባላል።

ቦይ ሲደፈን ውሃው ወዴት ይሄዳል? ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ጉበት ሲጠጥርም ደሙ መንገድ ያጣል። ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ እግር ያብጣል። የምግብ ቧንቧ ደም ሥር ፈንድቶ ደም ሊያስታውክ ይችላል።

ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለን ቤት አንቀመጥ። የሌሊት ወፍ አያመጣውም። አንዳንዱ ሥራ ሥር ደግሞ ራሱ ጉበትን ይጎዳል። ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ።

መድኃኒት አለው ወይ? የጠጠረ ጉበት በቀላሉ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ነገር ግን መጠጥ ቢተው፣ ቫይረሱን የሚገታ ኪኒን በየቀኑ ቢዋጥ ጠባሳው እንዳይጨምር ይረዳል። አንዳንዴም ይቀንሳል።

መከላከል ግን ይበልጣል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን ሕፃናት ለዚህ ቫይረስ ይከተባሉ። ልጁ በተወለደ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ነው። ቀኑ አይለፈው።

ይህን ያነበበ ላላነበበ ጎረቤቱ ያንብብለት።