ወረንጦን ስለ ማሳረፍ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. ሚሱሪ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ ይኖር የነበረ ቻርልስ ሚሼል የተባለ የዓይን ሐኪም፣ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌንን የሚወጋውን የሽፋሽፍት ጠጉር በኤሌክትሪክ ኃይል ከነሥሩ የሚያጠፋበትን ጥበብ ለሙያ ጓደኞቹ በጽሑፍ አስታወቀ። ዛሬ ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለውና ብዙ ሴቶች የአገጫቸውንና የከንፈራቸውን ጠጉር ለማስወገድ የሚገቡበት ሕክምና የተወለደው ከዚህ ነው እንጂ ከቁንጅና ቤት አይደለም። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ልቡናዬ የሄደው ወደ ሴንት ሉዊስ ሳይሆን ወደ ጎጃምና ወደ ወሎ ገጠር ነበር፤ በዚያ የዓይን ማዝ የዓይኗን ቆብ የቀለበሰባት እናት ወረንጦዋን በአንገቷ ክር አንጠልጥላ፣ ሕመሙ በበረታባት ቁጥር ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ወጥታ እየተቀመጠች፣ በልጇ ወይም በጎረቤቷ እጅ ሽፋሽፍቷን ስታስነቅል መኖሯን የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነውና። የተነቀለው እንደ ገና ይበቅላል፤ የበቀለውም እንደ ገና ይወጋል።

ያችው ወረንጦ በከተማ ሴት ቦርሳ ውስጥም አለች። በገጠር የምትወጣው ለሕማም ነው፤ በከተማ ግን ለኀፍረት። ዔሳው ጠጉራም ሆኖ በመወለዱ ማንም አልነቀፈውም፤ በእኛ ዘንድ ግን በአገጯ ላይ ጥቂት ጠንካራ ጠጉር የወጣባት ሴት፣ ነገሩ ከሐኪም ይልቅ ሐሜተኛን እንደሚጠራባት ስለምታውቅ፣ ማለዳ ቤተ ሰቡ ሳይነሣ መስተዋቷን ይዛ መስኮት ሥር ትቆማለች፤ በሠርግ ላይ ፎቶግራፍ አንሺው ሲመጣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ትስባለች፤ ባሏ ጉንጯን ሊዳስስ እጁን ቢዘረጋ ፊቷን ትመልሳለች። እኔም ከነዚህ አንዷ ሆኜ ብዙ ዘመን የኖርሁ ስለ ሆነ፣ የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ኀፍረት ደግሞ ክፉ አማካሪ ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች፣ ጠጉርን በራጅ ጨረር ያለ አንዳች ሕመም እናጠፋለን የሚሉ ቤቶች ተከፍተው እጅግ ብዙ ሴቶች ፊታቸውን ለጨረሩ ሰጡ፤ ጠጉሩ በእርግጥ ረገፈ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቆዳቸው ተሸበሸበ፣ ቈሰለ፣ አንዳንዶቹም ካንሰር ያዛቸው። ጉዳቱ ከደረሰባቸውም ብዙዎቹ መጀመሪያ ስለ ምን እንደ ሄዱ ለመናገር ማፈራቸው ነገሩን ሸፍኖት እንደ ቈየ አልጠራጠርም።

የኤሌክትሮሊሲስ ሥራ ግን አዝጋሚና የሚታይ ነው። ባለሙያዋ ከጠጉር እምብዛም የማይወፍር መርፌ፣ ቆዳውን ሳትበሳ፣ ጠጉሩ በወጣበት በተፈጥሮ ቀዳዳ ቁልቁል ታስገባለች፤ ታካሚዋ በእጇ አንዲት የብረት ዘንግ ትይዛለች፤ ደካማ ኤሌክትሪክ በመርፌው ሲያልፍ በጠጉሩ ሥር ያለው ጨውና ውኃ ተለውጦ ኮስቲክ ሶዳ ይሆናል፤ ያ ሳሙና የሚሠራበት ነገር ሥሩን ያሟሟዋል። በፈረንጆቹ 1924 ዓ.ም. አንሪ ቦርዲዬ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም በሊዮን ከተማ በሙቀት የሚሠራውን ፈጣን መንገድ አመጣ፤ ከዚያም ሁለቱን ያጣመረው ብሌንድ የተባለው ተከተለ። ሌላው ዘዴ፣ ሌዘር፣ የጠጉርን ጥቁረት ፈልጎ የሚመታ ብርሃን ስለ ሆነ ሽበትን አያገኝም፤ እንደ እኛ ያለውን ጠይም ቆዳም፣ መሣሪያው በጥንቃቄ ካልተመረጠ፣ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለመርፌው ግን የቆዳም የጠጉርም ቀለም ልዩነት የለውም። ሥራው በትክክል መሠራቱ የሚታወቀው ጠጉሩ ሲወጣ ነው፤ ከቅቤ ውስጥ እንደሚሳብ ክር ሸርተት ብሎ ይወጣል። መነቀሉ ከተሰማሽ ግን ሥሩ ገና ሕያው ነው።

ለዚህ ሕክምና መዘጋጀት የሚከብደው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። መርፌው ሥሩን የሚያገኘው ጠጉሩን ተከትሎ በመውረድ ስለ ሆነ፣ ያልታየ ጠጉር አይታከምም። ስለዚህ ከቀጠሮው አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ወረንጦውም፣ ክሩም፣ ሰሙም፣ በስኳርና በሎሚ የሚፈላው ማጣበቂያም ሊተዉ ይገባል፤ በመቀስ ማሳጠርና በምላጭ መላጨት ሥሩን ስለማይነኩ አይከለከሉም፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ግን ምላጩም ቀርቶ፣ ጠጉሩ በባለሙያዋ ወረንጦ ሊያዝ እስኪችል ድረስ ማደግ አለበት። ይኸውም ታካሚዋ ዕድሜ ልኳን የሸሸገችውን ነገር ለጥቂት ቀናት በአደባባይ ይዛው ትሄዳለች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ትነጋገራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች ማለት ነው። እዚህ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ወዳጄ የማኅበር ተራ በደረሳት ቁጥር ዋዜማውን እየነቀለች ትሄድ ነበር፤ ባለሙያዋም ባዶ አገጭ እያየች ትመልሳት ነበር። ጠጉር ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያድግ አይደለም፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው በሥሩ ያርፋልና፣ በደንብ የሚሞተው በዕድገቱ ላይ ሳለ የተገኘው ነው፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የሚፈጀውም ስለዚህ ነው። የነቀለች ሴት ይህን የዕድገት ጊዜ ራሷ ታዛባዋለች።

ረጅም ቀጠሮ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል መተኛት የሚጠይቀው፣ የራሱ ሥርዐት አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በማይታይ ስፍራ ተሞክሮ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚድን ለጥቂት ሳምንታት ቢታይ መልካም ነው፤ የእኛ ቆዳ ጠቁሮ መቅረት ይቀናዋል፤ ከቊስል በኋላ የሚያብጥ ጠባሳ የሚወጣባትም ይህን ሳትናገር አትተኛ። ውኃ በደንብ የጠጣ ሰው ቆዳ ለሥራው ይመቻል፤ ባዶ ሆድ ግን ያዞራል፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ቀጠሮዋን እህል ከቀመሰች በኋላ ታድርገው። ቡና ሕመሙን ያብሳል የሚሉት ባለሙያዎች ብዙዎች ናቸው፤ ለአገሬ ሴት ከመርፌው ይልቅ ይህ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቦሉም ቶናውም በረካውም ለማታ ይቈዩ። ጠጉሯን ቅቤ የተቀባች ደግሞ ታጥባ ትምጣ፤ በመብራቱ ሙቀት ቀልጦ የሚወርድ ቅቤና የባለሙያ ዓይን አይስማሙም።

ስለ ሕመሙ ዋሽቼ ማባበል አልፈልግም። በአገጭ ላይ የሚቻል ነው፤ የላይኛው ከንፈር ግን፣ በተለይ ከአፍንጫ ሥር ያለው፣ ሳትፈልጊው እንባሽን ያፈሰዋል፤ ያስነጥሳልም፤ ስለዚህ እጅን በማንሣት ምልክት መስጠትን አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። ሐኪም የሚፈቅድላት ሴት ከአንድ ሰዓት በፊት ተራ የሕመም ማስታገሻ ብትወስድ ይረዳታል። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን ያለበት የማደንዘዣ ቅባትም አለ፤ በላስቲክ ተሸፍኖ ሰዓት ያህል ሲቈይ ቆዳውን ያደነዝዘዋል። ነገር ግን ብርቱ ቅባት ሰፊ ገላ ላይ ቀብቶ መጠቅለል ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ወጣት ሴቶች ለሌዘር ሲዘጋጁ እግራቸውን እንዲህ ቀብተው ጠቅልለው ስለ ሞቱ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቅባቱ በትንሽ ቦታ፣ በሐኪም ምክር ብቻ ይሁን። እኔን ከቅባቱ ይልቅ የረዳኝ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ረጅም ስብከት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ፍጻሜው የሰማሁት በዚያ አልጋ ላይ ነው።

ባለሙያዋ መርፌውን ከታሸገበት በፊትሽ ካላወጣችው፣ ጓንትም ካላደረገች፣ ተነሥተሽ ብትወጪ ነውር የለውም። በአሜሪካ አንዳንዶቹ ግዛቶች ለዚህ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ አይጠይቁም፤ ስለዚህ መጠየቁ የታካሚዋ ፈንታ ነው። ሲያልቅ ፊቱ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ጥቃቅን ቅርፊትም ያወጣል፤ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግበታል፤ ቅርፊቱ በጥፍር አይነካም፤ ፀሓይም፣ ኩሉም፣ የፊት ቅባቱም ለጥቂት ቀን ይቅር። የክርስትና ወይም የሠርግ ዋዜማ ለዚህ የተመረጠ ቀን አይደለም።

ጠጉሩ በድንገት የመጣ፣ ድምፅም የጐረነነ፣ የወር አበባም የተዛባ እንደ ሆነ ከባለ መርፌዋ በፊት ሐኪም ይታይ፤ የእንቁላል ዕጢ ሕመም ወይም ሌላ የሆርሞን መዛባት ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ምንጩ ሳይደርቅ መርፌው ብቻውን ይደክማል። በልቧ ላይ ፔስሜከር የተተከለላትም ሐኪሟን ሳታማክር ኤሌክትሪክ አታስነካ።

ይህን የምታነብቡ ባሎች፣ እናቶችና እኅቶች ደግሞ፣ ከቤታችሁ አንዲቱ ወረንጦዋን አሳርፋ ቀጠሮዋን በምትጠብቅባቸው ቀናት ስለ አገጯ አትጠይቋት፤ ዓይናችሁንም አታሳርፉባት፤ አደራ።