‹‹ክለቡ ሊሄድ ነው!›› የሚሉት ንግድ

ለአንድ የአዲስ አበባ ኳስ ወዳድ ‹‹ቅዱስ ጊዮርጊስ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሐዋሳ ሊከትም ነው፤ ስሙም ማልያውም ይለወጣል›› የሚል ሰው ቢመጣበት፣ ሰምቶ ይስቃል እንጂ አይደነግጥም። ክለብ ከደጋፊው ተነቅሎ፣ እንደ ቤት ዕቃ ተጭኖ ሄዶ፣ በሌላ ከተማ ሌላ ስም ይዞ ይኖራል የሚለው ነገር በእኛ አእምሮ ውስጥ ቦታ የለውም። በሰሜን አሜሪካ ግን ይህ ቀልድ አይደለም። ደንብ የወጣለት፣ ጠበቃ የቆመለት፣ ዋጋ የተቆረጠለት ሥራ ነው። በበረዶ ሆኪው ዓለም ደግሞ ነገሩ ከልክ አልፏል።

የበረዶ ሆኪን አይቶ የማያውቅ አንባቢ የገናን ጨዋታ ያስብ። ዱላው አለ፤ ሩሯም አለች፤ ነገር ግን ሜዳው በረዶ፣ ሩሯ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ነገር፣ ተጫዋቹም ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ የተጫማ ነው። የዚህ ጨዋታ ትልቁ መድረክ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የሚባለው ማኅበር ሲሆን፣ 32 ክለቦች አሉት፤ 25ቱ በአሜሪካ፣ 7ቱ በካናዳ። በሩ የተዘጋ ማኅበር ነው። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ከታች አሸንፎ የሚወጣ፣ ከላይ ተሸንፎ የሚወርድ ክለብ የለበትም። መግባት የፈለገ፣ አባላቱ ፈቅደው የቆረጡለትን ዋጋ ይከፍላል። ላስ ቬጋስ በ2016 የተፈቀደላት 500 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲያትል በ2018 የተፈቀደላት 650 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎላቸው ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህን የተዘጋ በር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነውና።

በ2024 መጀመሪያ ከካናዳዋ ዊኒፔግ አንድ ወሬ ተሰማ። ጄትስ የተባለው የከተማዋ ክለብ የዓመት ቲኬት ገዢዎች ቁጥር ከ13,000 ገደማ ወደ 9,500 ገደማ አሽቆልቁሏል ተባለ። ከባለቤቶቹ አንዱ ሚስተር ማርክ ቺፕማን ነገሩ በዚህ አኳኋን ለረጅም ጊዜ እንደማያዛልቅ ለጋዜጠኛ ተናገሩ። ወዲያው የድሮው ቁስል አመረቀዘ፤ ‹‹ሊሄድ ነው›› የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ተላለፈ። የሊጉ ኮሚሽነር ሚስተር ጋሪ ቤትማን ሳይቀሩ በዚያው ፌብሩዋሪ ወር ከተማዋ ድረስ መጥተው ለማረጋጋት ሞከሩ። በዚህ መሐል ወቀሳው ሁሉ በተመልካቹ ላይ ወረደ፤ ፍቅርህ ቀዝቅዟል፣ ቲኬት አልገዛህም፣ ክለቡ ቢሄድ ጥፋቱ የአንተው ነው የሚል ወቀሳ።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ያንን ወቀሳ ነው። ክለብን ከከተማ የሚያስወጣው የፍቅር ማነስ አይደለም፤ የሚያስቀረውም የፍቅር ብዛት አይደለም። ‹‹ሊሄድ ነው›› የሚለው ማስፈራሪያ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። ሻጩ የክለብ ባለቤትና ሊጉ፣ ገዢው የከተማ ሹም ሲሆን፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሆኪ አይቶ የማያውቀው ግብር ከፋይ ጭምር ነው።

ማስረጃው ከራሷ ከዊኒፔግ ይጀምራል። የፊተኛው ጄትስ በ1972 ተመሥርቶ በ1979 ከኤድመንተን፣ ከኩቤክና ከሃርትፎርድ ክለቦች ጋር ወደ ሊጉ ገባ። ከእነዚህ ከአራቱ ሦስቱ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ከተማቸውን ለቀቁ። ኩቤክ በ1995 ወደ ዴንቨር፣ ዊኒፔግ በ1996 ወደ ፊኒክስ፣ ሃርትፎርድ በ1997 ወደ ሰሜን ካሮላይና። በ1995 የዊኒፔግ ሕዝብ ክለቡን ለማስቀረት አደባባይ ወጣ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ ሕፃናት እንኳ የሳንቲም ማጠራቀሚያቸውን ይዘው መጡ። ፍቅር ክለብ የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ጄትስ አንድ ጋት ባልተነቃነቀ ነበር። ግን ሄደ።

ለምን? ተጫዋቹ ደመወዙን የሚቀበለው በአሜሪካ ዶላር፣ ክለቡ ቲኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር ስለነበረ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የካናዳ ዶላር ከ75 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነበር። አዳራሹም የ1955 ሥሪት በመሆኑ፣ ለባለጠጎች በውድ የሚከራዩ ልዩ ክፍሎች ያሏቸውን አዳዲስ አዳራሾች መወዳደር አልቻለም። የምንዛሪን ተመን ደጋፊ በጭብጨባ አይለውጠውም። ታዲያ የባንክና የግንበኛ ጉዳይ የሆነውን ነገር በየትኛው ሕሊና ነው የፍቅር ጉዳይ አድርገን ሕዝብ የምንወቅስበት?

እስቲ ክለቡን ተከትለን ፊኒክስ እንውረድ። እዚያ ኮዮትስ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። በ2003 ጎረቤቷ ከተማ ግሌንዴል የሕዝብ ገንዘብ አፍስሳ አዲስ አዳራሽ ከፈተችለት። በ2009 ባለቤቱ ክለቡን ለኪሳራ ፍርድ ቤት አቀረቡት። አንድ ካናዳዊ ባለሀብት ‹‹ልግዛውና ወደ ሃሚልተን ልውሰደው›› ሲሉ ሊጉ ተሟግቶ አስቆማቸው፤ ክለቡንም ራሱ በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ ግሌንዴል ክለቡ እንዳይሄድባት የሊጉን ኪሳራ ለመሸፈን በሁለት ዓመት ውስጥ በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። ከተማዋ በመጨረሻ መረራት፤ በ2021 የኪራይ ውሌን አላድስም አለች። ክለቡ በ2022 ከ5,000 ሰው በታች በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠጋ። በሜይ 2023 የቴምፒ ከተማ መራጮች የአዲስ አዳራሽ ዕቅድ ቀርቦላቸው በድምፃቸው ጣሉት። ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 2024፣ ቡድኑ ወደ ዩታ ተሻገረ። የተሸጠበት ዋጋ 1.2 ቢሊዮን ዶላር!

አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ሒሳብ ደጋግመህ አስላት። በኪሳራ ስም ከተማ ለከተማ ሲንከራተት የኖረ፣ የራሱ አዳራሽ እንኳ ያልነበረው ክለብ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ዋጋው ከስምንት እጥፍ በላይ ጨመረ። በየዓመቱ እየከሰረ የሚወደድ ሱቅ በየትኛው ገበያ ታይቷል? ምሥጢሩ ያ የተዘጋ በር ነው። የሚሸጠው ጨዋታው አይደለም፤ ከ32ቱ ወንበሮች አንዱ ነው። ወንበሩ ውድ ሆኖ የሚቆየውም ወንበር ያጣ ከተማ ሁልጊዜ በደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ክለብ ያለው ከተማ የሚፈራው በደጅ የቆመውን ነው፤ በደጅ የቆመው ደግሞ የሚመኘው የሌላውን ኀዘን ነው። ዊኒፔግ ራሷ በ2011 ክለብ መልሳ ያገኘችው አትላንታ ስታጣ ነው። ለዚያ ዝውውር ከተከፈለው 170 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 60 ሚሊዮኑ ለሊጉ የተከፈለ የመዛወሪያ ዋጋ ነበር። ቢቀመጥ ይከፈለዋል፤ ቢነሣም ይከፈለዋል።

በደጅ ቆሞ የመጠበቅን ነገር ከኩቤክ ከተማ የሚያስረዳ የለም። ክለቧ በ1995 ወደ ዴንቨር በሄደ በዓመቱ የሊጉን ዋንጫ በላ፤ ዋንጫው ግን የዴንቨር ሆነ። ከተማዋና የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ‹‹አዳራሽ ብንሠራ ይመጣልናል›› ብለው፣ 370 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ የወጣበትን፣ ከ18,000 ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ በ2015 አስመረቁ። ክለቡ ግን አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

‹‹ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ዋሽንግተን ነው። በዲሴምበር 2023 የዋሽንግተን ካፒታልስ የሆኪ ክለብ ባለቤት ሚስተር ቴድ ሊዮንሲስ ከቨርጂኒያው ገዥ ጋር ቆመው፣ ክለቡን ከቅርጫት ኳሱ ቡድን ጋር አድርገው ከወንዙ ማዶ ወደ አሌክሳንድሪያ ሊወስዱ መሆኑን አስታወቁ። ዕቅዱ የ2 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የሕዝብ ብድርም ይጠይቅ ነበር። የቨርጂኒያ ሴኔት የገንዘብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሉዊዝ ሉካስ አሻፈረኝ አሉ፤ ዕቅዱም በማርች 2024 ወደቀ። ሆኖም ባለቤቱ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም። የዋሽንግተን ከተማ ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ተስማማችና እስከ 2050 እቀመጣለሁ አሉ። አንድ ጫማ እንኳ ሳያነሡ በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ግማሽ ቢሊዮን! ‹‹ሊሄድ ነው›› የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያወጣ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ደረሰኝ አይገኝም።

በዋሽንግተንና በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን ብዛት የታወቀ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ምግብ ቤት የከፈተው ሐበሻ ሆኪ ባያይም ግብሩን ይከፍላል። ያ ግብር ለትምህርት ቤት፣ ለአውቶቡስ፣ ለቤት ኪራይ ድጋፍ ይውላል ወይስ ለአንድ ባለጠጋ አዳራሽ እድሳት የሚለው ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ነው። ‹‹አዳራሹ ሥራ ያመጣል፤ ንግድ ያደራጃል›› ይሉታል። ሮጀር ኖልና አንድሩ ዚምባሊስት የተባሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት ገና በ1997 ባወጡት የጥናት መድበል ይህን ተስፋ መርምረው ባዶነቱን አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህም የሞያው ሰዎች በብዛት የሚስማሙት በዚያው ነው። ሰው ለጨዋታ የሚያወጣው ገንዘብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ለእራት ወይም ለሲኒማ ያወጣው የነበረው ነው።

የገበያ ሰባኪዎች የመጨረሻ ምሽግ ደግሞ አለ። ‹‹ክለብ የግል ንብረት ነው፤ ባለቤቱ የፈለገበት ቢወስደው ማን ከልካይ አለው?›› ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሊጉ ራሱ ነው። በ2009 ፍርድ ቤት ቀርቦ ‹‹ክለቡን ማን እንደሚገዛና የት እንደሚጫወት የምወስነው እኔ ነኝ›› ብሎ የተሟገተው ማን ሆነና? ባለቤቱን የማኅበሩ ጥቅም ያግደዋል ከተባለ፣ የከተማው ጥቅም የማያግድበት ምክንያት ምንድን ነው? ንብረት ከሆነ እንደ ማንኛውም ንብረት ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ይጠግነው፤ የሕዝብ ከሆነ ደግሞ ሕዝብ ይወስንበት። ሲከስር የሕዝብ፣ ሲሸጥ የግል የሚሆን ነገር ግን በየትኛውም ሕግ ንብረት አይባልም።

መፍትሔው ከሰማይ የሚጠበቅ አይደለም፤ እዚያው አሜሪካ ውስጥ ተሞክሯል። በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር የግሪን ቤይ ፓከርስ የአሜሪካ እግር ኳስ ክለብ ከ1923 ጀምሮ የሕዝብ አክሲዮን ነው። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም ክለቡን የሚነቅልባት የለም። ሊጉ ሌሎች ይህን መንገድ እንዳይከተሉ በደንብ ማገዱ መንገዱ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ይመሰክራል። ኦሃዮ ደግሞ የክሊቭላንድ ክለብ ወደ ባልቲሞር ከሄደባት በኋላ በ1996 ሕግ አወጣች። በሕዝብ ገንዘብ በተደገፈ ሜዳ የሚጫወት ክለብ ከመሄዱ በፊት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይስጥ፤ የአገሬው ሰው የመግዛት ዕድል ያግኝ ይላል ሕጉ። ባለቤቱ የኮሎምበስን የእግር ኳስ ክለብ ወደ ቴክሳስ ሊወስዱት ሲያስቡ፣ ክፍለ ሀገሩና ከተማው ይህን ሕግ ይዘው ከሰሱ፤ ደጋፊውም ጮኸ። በ2018 መጨረሻ ለአዲስ ባለቤቶች ስምምነት ተደረሰና ክለቡ ቀረ። በ2020 ዋንጫ አነሣ፤ በ2023ም ደገመው። በኮሎምበስ ፍቅር ያሸነፈው ሕግ ስለተደገፈ ነው፤ በዊኒፔግ ግን በ1995 ፍቅሩ ነበረ፣ ሕጉ አልነበረም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ግልጽ ነው። የሕዝብ ገንዘብ በገባበት ክለብ ሕዝብ ድርሻ ይኑረው፤ ሲሸጥም ትርፉን ይካፈል። አዳራሹን ለከተማው አስመዝግቦ ክለቡን ለባለቤቱ መተው አይበቃም፤ ጎተራውን ይዞ እህሉን እንደማጣት ነውና። ስሙ፣ ቀለሙና ታሪኩ የከተማው ይሁን፤ ክሊቭላንድ ቡድኗን ስታጣ እነዚህን አስቀርታለች። ለመሄድ የሚያስብም አስቀድሞ ያስታውቅ፤ ለአገሬው ሰው ዕድል ይስጥ። ይህን የማይቀበል ባለቤት ‹‹ልሄድ ነው›› ሲል መልሱ ‹‹መንገዱ ጨርቅ ያድርግልህ›› ነው። የቴምፒ መራጮች ይህንኑ ብለዋል፤ ከተማቸውም አልፈረሰችም።

የአዲሱ የዊኒፔግ ጄትስ ነገር እንዴት ሆነ ቢባል፣ ያ ሁሉ ስጋት በተነዛ በዓመቱ፣ በ2025 የጸደይ ወር፣ በመደበኛው ውድድር ከ32ቱ ክለቦች አንደኛ ወጣ። ይህም ቢሆን ዋስትና አይሆነውም፤ የሚያሸንፍ ቡድንም ይሄዳልና። ኑሮ ተወድዶበት የዓመት ቲኬቱን ያላደሰው የዊኒፔግ ሠራተኛ ግን ክለቡን አልከዳም። ከክለቡ ባለቤቶች አንዱ ከካናዳ ባለጠጎች ቁንጮ የሚቆጠሩት ዴቪድ ቶምሰን ናቸው። ከእኒያ ባለጠጋና ከዚያ ሠራተኛ መካከል ‹‹ለክለቡ ምን መሥዋዕት አደረግህ?›› ተብሎ መጠየቅ ያለበት ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።