ከሯጭ ጎን መቆምን ስለ መማር

በጅቡቲ ከተማ የሚገኘው የሀራሙስ ሠፈር የኤምባሲዎችና የትልልቅ ቤቶች ሠፈር መሆኑን ብዙዎቹ አንባብያን ያውቁታል። ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ በዚያ የሚያልፍ ሰው ግን ሌላ ነገርም ያያል፤ ይኸውም ሙቀቱን ለመቅደም ገና ሳይነጋ ተነሥተው የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። በዚሁ ሠፈር ነዋሪ የሆነ፥ በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሥነ ልቡና ትምህርቱን የፈጸመ አንድ ወጣት በቅርቡ እንዲህ ሲል ጠየቀን፤ «ከሯጮች ጋር ለመሥራት እፈልጋለሁ፤ ከእንግዲህ ወዲያ ምን ልማር?» ወጣቱ ዲፕሎማውን ይዟል፤ መጻሕፍቱንም አንብቧል፤ ነገር ግን ከአንድ ሯጭ ጋር እንኳ ተቀምጦ ተነጋግሮ አያውቅም። የሚሮጥ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ነገሩ ስለሚመለከተው፥ መልሱን በዚህ ዓምድ መስጠትን መረጥን። ዓመታቱን የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የጅቡቲው ማራቶን ሯጭ ሑሴን አሕመድ ሳላሕ በ1977 ዓ.ም. በሒሮሺማ የዓለም ዋንጫን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሴኮንድ አሸነፈ፤ አገሩም በቡድን አንደኛ ሆነች። በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ በሮማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የኬንያው ዳግላስ ዋኪሁሪ አንደኛ፥ ሑሴን ሁለተኛ፥ ኢጣሊያዊው ጀሊንዶ ቦርዲን ሦስተኛ ወጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ፥ መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም.፥ በሴኡል ኦሊምፒክ እነዚሁ ሦስት ሰዎች እንደገና ተገናኙ። ሩጫው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሑሴን ከፊት ነበር፤ ቦርዲንም ወደ ኋላ ቀርቶ ሳለ ሁለቱንም ተራ በተራ ደርሶባቸው አለፈ። ሑሴን ከአሸናፊው 27 ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ ሦስተኛ ሆነ። ያ የነሐስ ሜዳልያ ጅቡቲ በኦሊምፒክ ያገኘችው እስከ ዛሬ ብቸኛው ሜዳልያ ነው። ሑሴን ከሴኡል በኋላ ሩጫውን አልተወም፤ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ዳግመኛ ሁለተኛ ወጣ። የአገሩ ልጅ አያንለህ ሱሌይማንም በየካቲት 2006 ዓ.ም. በቤት ውስጥ የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፥ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ከአንድ ሴኮንድ አሥረኛ እጅ በሚያንስ ልዩነት ነሐሱ አምልጦት አራተኛ ሆኗል።

እንግዲህ ወጣቱ ባለዲፕሎማ በእንዲህ ያለ ቀን ማታ ከሯጩ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይናገራል? ትንፋሽን ስለ መግዛትና ሩጫውን አስቀድሞ በዓይነ ሕሊና ስለ ማየት መጽሐፉ ያስተምረዋል፤ እነዚህም በእውነት የሚጠቅሙ ናቸው። መጽሐፉ ሊያስተምረው የማይችለው መቼ መናገር፥ መቼስ ዝም ማለት እንዳለበት ነው። በአሳባችን የተግባር ሥልጠና የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሠልጣኙ ነው። የሥነ ልቡና ባለሙያ ወደ ስፖርት ሜዳ ሲገባ፥ የልብን ሥራ ከእርሱ በፊት ሲሠራ የኖረ ሰው በዚያ ያገኛል። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ ባሸነፈ ጊዜ በቡድኑ ውስጥ የሥነ ልቡና ባለሙያ አልነበረም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ግን መንገዱን ከአበበ ጋር አስቀድመው ተመልክተው ነበር፤ ወደ መጨረሻው ግድም የሚገኘው የአክሱም ሐውልትም ማፍጠኛ ምልክት እንዲሆን ተመርጦ ነበር። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።) አበበ 26 ቁጥር የለበሰውን የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠባበቅ ተነግሮት ነበር፤ ሞሮኮዊው ግን 185 ቁጥር ለብሶ ሮጠ። አበበ አብሮት የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ይፈልግ ነበር፤ ቢሆንም አሳቡ ሳይናወጥ ምልክቱ ዘንድ ሲደርስ አፈጠነ። ዛሬ ባለሙያዎች የውድድር ዕቅድ የሚሉትን ነገር ኒስካነንና አበበ ያንጊዜውኑ ሠርተውበታል።

አሠልጣኙን ያላሳመነ ባለሙያ ምን እንደሚደርስበት ለማወቅ በአሜሪካ የስፖርት ሥነ ልቡና አባት የሚባለውን ኮልማን ግሪፊትን ማስታወስ ይበቃል። ይህ ሊቅ በ1930 ዓ.ም. ቺካጎ ከብስ በሚባለው የቤዝቦል ቡድን በባለቤቱ ተቀጠረ። የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ ለካ፥ መዘገበ፥ ብዙ ገጽም ጻፈ። የቡድኑ መሪዎች ግን በጥርጣሬ ዓይን ተመለከቱት፤ ከምክሩም የሚበዛው በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። የዕውቀት ጉድለት አልነበረበትም፤ የቀጠረው ባለቤቱ እንጂ አሠልጣኙ ስላልሆነ እንደ ሰላይ ተቈጠረ።

ስለዚህ ሥልጠናው እንዴት መሆን አለበት? በአሜሪካ የተግባራዊ ስፖርት ሥነ ልቡና ማኅበር የምስክር ወረቀት የሚሻ ሰው ከትምህርቱ በላይ ቢያንስ 400 ሰዓት በልምድ አዋቂ ባለሙያ ሥር መሥራት አለበት። ከዚህ ውስጥ 200ው ከስፖርተኞች ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ሲሆን፥ 50ው ደግሞ ከመሪው ባለሙያ ጋር ስለ ሥራው የሚነጋገርበት ነው። ለእኛ ከቍጥሩ ይልቅ የሚደንቀን ይህ 50 ሰዓት ነው። ሰልጣኙ የተናገረውን ቃል ለታላቁ ያስረዳል፤ ታላቁም «ይህን ለምን አልህ? በዚያን ጊዜስ ለምን ዝም አላልህም?» እያለ ያርመዋል። በአገራችን የቅኔ ተማሪ የዘረፈውን ቅኔ በመምህሩ ፊት አቅርቦ እንደሚታረም ማለት ነው። የኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚም ሆነ በአሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከል፥ ወይም የጅቡቲ ሜዳዎች፥ ለእንዲህ ያለው ትምህርት ተስማሚ ቦታዎች ናቸው። ሰልጣኙ አንድ ሙሉ የውድድር ወራት ከሯጮቹ ጋር ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ ሰዓት ይያዝ፤ ውሃ ያቀብል፤ የሩጫውንም ቃላት ይማር። ኦሊምፒክ አንድ ሳምንት ሲቀረው የጥያቄ ወረቀት ይዞ የሚመጣውን ባለሙያ እኛ ከሆነ ከበር እንመልሰዋለን።

ስለ ቃላት ካነሣን፥ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባብያን ይህን ልብ ይበሉልን። እኛም አማርኛን ከትግርኛ ቀጥለን የተማርን ስለ ሆንን ችግሩ አይጠፋብንም። በባዕድ ቋንቋ የተዘጋጀው ወረቀት «ጭንቀት ይሰማሃልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሯጩም «የለም» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ሰው «ከትናንት ወዲህ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላል። አንዱ «ሐሞቴ ፈሰሰ» ሲል ድፍረቱን ማጣቱን ነው፤ ሌላይቱ «ቅስሜ ተሰበረ» ስትል ተስፋዋ መጐዳቱን ነው፤ «ሆዴ ባባ» የምትል ደግሞ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። አማርኛ ነፍስን በሆድና በሐሞት በኩል የሚያናግር ቋንቋ ነውና፥ ይህን ያልሰማ ባለሙያ ሯጩን ወደ ሆድ ሐኪም ሊልከው ይችላል። ሯጩ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ወይም ዓፋርኛ ተናጋሪ ሲሆንማ ሰልጣኙ ሌላ አስተማሪ ያስፈልገዋል፤ አስተርጓሚ በመካከል ባለበት ምሥጢር ሦስተኛ ጆሮ ይኖረዋልና።

ከሁሉ የሚከብደውም ይህ የምሥጢር ነገር ነው። አንዲት ሯጭ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንቅልፍ ካጣች ብዙ ቀን እንደ ሆናት ለባለሙያው ነገረችው እንበል። በማግሥቱ ቡድን መራጩ ባለሥልጣን ጠርቶ «እንዴት ናት? እንምረጣት ወይስ እንተዋት?» ብሎ ይጠይቀዋል። ደመወዙን የሚከፍለው ባለሥልጣኑ ነው፤ ያመነችው ግን ልጅቱ ናት። ቢናገር ከእርሷ ጋር ሌሎቹም ሯጮች ሁሉ ከዚያን ዕለት ጀምሮ «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይነግሩትም፤ ፈጽሞ ዝም ቢል ደግሞ ባለሥልጣኑ ጥቅሙን አያይም። በእኛ አሳብ መልሱ ከመጀመሪያው ቀን መሰጠት አለበት፤ ይኸውም በአሠልጣኙ፥ በፌዴሬሽኑና በሯጮቹ ፊት «የሰማሁትን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማንም አልናገርም፤ ለሕይወት የሚያሠጋ ነገር ሲሆን ብቻ ለሐኪም አስታውቃለሁ፤ በምርጫም አልገባም» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። የምናገለግልበትን መሥሪያ ቤት በማክበር እንናገራለን፤ እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ስላለ የሚቈጣው አለቃ ራሱን ይጎዳል።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. በአውስትራልያ ባተርስት ከተማ በተደረገው የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ ስትመራ ቆይታ፥ ከመጨረሻው መሥመር ጥቂት ሜትር ሲቀራት ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ደረሰችባት፤ ለተሰንበትም ወደቀች። ሰው ስላነሣትም ውጤቷ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በቡዳፔስት በ10,000 ሜትር ጉዳፍ ጸጋይ አንደኛ፥ ለተሰንበት ሁለተኛ፥ እጅጋየሁ ታዬ ሦስተኛ ሆኑ። በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ የነበረው ሥራ በቴሌቪዥን አልታየም፤ ሰልጣኙ ሊማር የሚገባው ግን እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። በውድቀት ማግሥት «ለምን ወደቅሽ?» ብሎ ምርመራ አይጀመርም። መጀመሪያ ምግብና እንቅልፍ፥ ቀጥሎ ዘመድ፥ ከዚያም እርሷ በፈቀደች ጊዜ ንግግር ይከተላል። እናቶችና አባቶችም ልጃቸው ተሸንፎ ሲመጣ ስለ ሩጫው ከመጠየቃቸው በፊት ራት ቢያቀርቡለት ከባለሙያው ሥራ እኩሌታውን ሠሩ ማለት ነው።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የስፖርተኛ የአእምሮ ጤና ከሰውነቱ ጤና ተለይቶ ሊታይ እንደማይችል አስታውቋል። ስለዚህ ሰልጣኙ የሥራውን ወሰንም ይወቅ። ለሳምንታት የማይበላውን፥ ከሰው የተለየውን፥ ስለ ሞት የሚናገረውን ስፖርተኛ በትንፋሽ ልምምድ ሊያድነው አይሞክር፤ በዚያኑ ዕለት ከአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዞት ይሂድ፤ እስኪገባም ድረስ ደጅ ላይ አብሮት ይቀመጥ።